አባቴ ያልጨረሰው ቃል

አባቴ አናጢ ነበር፣ እኔ ፕሮግራመር ነኝ። ያደግኩት ጅማ፣ በቾ ቦሬ ነው፤ አሁንም ከእናቴ ጋር እዚያው፣ እሱ በገዛ እጁ በሠራው ቤት ውስጥ እኖራለሁ። ከሞተ ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ምን እንዳደረግኩ ለማንም በቅጡ ተናግሬ ስለማላውቅ እዚህ ልጽፈው ነው።

መጀመሪያ ግን ሥራዬን እንዴት እንደምወደው መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ የሆነው ነገር አይገባም።

ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ ነው የፕሮግራም ቋንቋዎች ፍቅር የያዘኝ። ሌሎቹ ተማሪዎች አንዱን ቋንቋ ፈተና ለማለፍ ያህል ሲማሩ እኔ አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ያምረኝ ነበር። በፓይተን ጀመርኩ፣ ቀጥዬ ሲ፣ ቀጥዬ ጃቫ፣ ከዚያ ደግሞ ማንም ያላስተማረኝን፣ መመሪያውን ከኢንተርኔት አውርጄ ብቻዬን የታገልኩትን ሃስኬልን። አንዱ ቋንቋ የከለከለውን ሌላው ለምን እንደሚፈቅድ ማሰብ ደስ ይለኛል። አንድ ሐሳብ በአንደኛው ቋንቋ አሥር መስመር ፈጅቶ በሌላው በሁለት መስመር ሲያልቅ ሳይ ለሰው ባሳየው ብዬ እቁነጠነጣለሁ፤ የማሳየው ሰው ግን የለም። ኮድ የምጽፍበትን ኤዲተር ቀለምና የፊደል መጠን ስመርጥ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ያለፈበት ጊዜ አለ።

አባቴ ይህን ሁሉ ከሩቅ ያይ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ልብሱ ላይ ያለውን ሳጋቱራ እያራገፈ፣

«ቋንቋ ነው አሉ የምትማሪው?» አለኝ።

«የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፣ አባዬ።»

«ስንት አለው?»

«ብዙ ነው። ቆጥሬ አልጨርሰውም።»

«አንዱ ለምን አልበቃውም?»

አንዱ ለፍጥነት፣ አንዱ ስህተት ቶሎ ለመያዝ፣ አንዱ ለስልክ፣ አንዱ ለሒሳብ እንደሚመች አስረዳሁት። እሱ ራሱ ሥራ ቤቱ ውስጥ አራት መላጊያ ነበረው፤ አንዱን ለሌላው ሥራ ሲያነሱበት ይቆጣል። ስለዚህ ገባውና ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ እየተየብኩ ሳለ በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ክንዴን፣ ትከሻዬን፣ አንገቴን እንዴት እንደምሰብር እያየ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ከዚያ ሜትሩን አውጥቶ ከክርኔ እስከ ወለሉ ለካ። በሳምንቱ ከዋንዛ የተሠራ ጠረጴዛ አመጣልኝ፤ የእጅ አንጓዬ የሚያርፍበት ጠርዝ እንዳይቆርጠኝ ክብ ተደርጎ የተላገ ነበር። እስካሁን የምሠራው እሱ ላይ ነው።

በቤታችን ሁለቱም ቋንቋ አለ። አባቴ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከደንበኞቹና ከእህቱ ጋር በአፋን ኦሮሞ ያወራ ነበር፤ ሲቆጣ ሁለቱንም ይቀላቅላል። እህቱ ታላቁ ናቸው፣ ሰርቦ ነው የሚኖሩት፤ እኔ አዳዳ እላቸዋለሁ፣ የአባት እህት በእኛ ዘንድ የሚጠሩት እንደዚያ ነው። አባቴ ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ንግግር ነበረችው። ሥራ ሲጀምር፣ ሰው ሲያስነሳ፣ ምሳ ቀርቦ ሰው ሲዘገይበት፣ ለጎረቤቱ ለብረት ሠራተኛው «በል በል»፣ ለእኔና ለእናቴ «በይ በይ» ይል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በእሷ ነው የሚያውቀው።

ትምህርቴን ጨርሼ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ከቤት ሆኜ መሥራት በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ መጋቢት ውስጥ፣ ብረት ሠራተኛው እየሮጠ መጣ። አባቴን ሥራ ቤቱ ወለል ላይ፣ ፍቅፋቂው መሐል ተቀምጦ አግኝቶታል። ዓይኑ ክፍት ነበር፣ ግን አይናገርም፤ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተጋድሟል። ሆስፒታል አደረስነው። ስትሮክ ነው አሉን።

የተከታተለችው ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ከአሥር ቀን በኋላ ወደ ቤት ስንወስደው እኔንና እናቴን ኮሪደር ላይ አቁማ በደንብ አስረዳችን።

«የምትሉትን ይሰማል፣ ይገባዋል» አለች። «የተጎዳው የሚናገርበት የአንጎሉ ክፍል ነው። ቃል ሊመለስ ይችላል፣ ግን ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚመጣው። በየትኛው ቋንቋ እንደሚመጣም አይታወቅም። አንዳንዱ ሰው በልጅነቱ የተማረው ይቀድምለታል። ሁለቱንም አዳምጡ።»

እስከዚያው ካርቶን ላይ ሥዕል እየለጠፍን እንድናሳየው መከረችን። እኔ ፕሮግራመር ነኝ፣ ስልክ ላይ እሠራለታለሁ አልኳት። ፊቷ ፈካ። ስለ ሁለቱ ቋንቋዎች ያለችውን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ የጻፍኩት ግን ፕሮግራሙ ሊያሟላቸው ከሚገቡ ነገሮች አንዱ አድርጌ ነው።

የመጀመሪያውን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጨረስኩት። ስምንት ትልልቅ ቁልፎች ነበሩት፤ ውኃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ አዙሩኝ፣ ሶላት፣ መስኮት፣ ሬዲዮ፣ ተዉኝ። ሲነካቸው በእኔ ድምፅ ይናገራሉ። አሮጌ ታብሌት ላይ ጭኜ በግራ እጁ በኩል ብርድ ልብሱ ላይ አደረግኩለት። ትንሽ አየው። ከዚያ ሌባ ጣቱን ቀስ አድርጎ አምጥቶ ውኃ የሚለውን ነካ፣ ታብሌቱም «ውኃ» አለ። እናቴ አመጣችለት። ጠጥቶ ሲያበቃ ድጋሚ ነካው። ጠምቶት አልነበረም፤ መስማት ፈልጎ ነው። እናቴ ብርጭቆውን እንደያዘች ፊቷን አዞረች።

ያ ፕሮግራም አስቀያሚ ነበር። ግራጫ ሳጥኖች፣ አንዱ ከሌላው የማይተካከል፣ የሬዲዮው ሥዕል ደብዝዞ የማይለይ። ውስጡ ደግሞ ይብሳል፤ ያንኑ ኮድ ስምንት ጊዜ ገልብጬ ለጥፌዋለሁ። የሥራ ባልደረባ ቢያየው አፍር ነበር። አብሮኝ የተማረና ሰቶ ሰመሮ ሰፈር የሚኖር ጓደኛ አለኝ፤ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። ሊጠይቀን ሲመጣ አሳየሁት።

«ይሠራል እኮ» አለ።

«ይሠራል። ግን እየው እስቲ።»

«አየሁት። አባትሽ ይጠቀምበታል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

የምፈልገው ብዙ ነበር። አባቴ በስምንት ቃል እንዲኖር አልፈለግኩም፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ነበር የፈለግኩት። ማን የሚለውን ይመርጣል፣ ምን አደረገ የሚለውን ይመርጣል፣ መቼ የሚለውን ይመርጣል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ግሡን ራሱ አርብቶ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አስተካክሎ ይናገርለታል። ክፈት፣ ክፈቺ፣ ክፈቱ፤ ከፈተ፣ ከፈተች፣ ከፈቱ። ይህን የሚያደርግ ማሽን ለመጻፍ አዲስ ቋንቋ፣ ራስትን፣ መማር ጀመርኩ። ድሮም ሰበብ ነበር የምፈልግለት።

ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ እንዲህ አለፉ። ጠዋት የድርጅቱን ሥራ እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ዋንዛው ጠረጴዛ ላይ የአባቴን እሠራለሁ። አባቴ ከግድግዳው ወዲያ ነው የሚተኛው። አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም፤ ደስተኛ ነበርኩ። ሦስት ፊደል ያለው ግሥ በየመልኩ ሲቀያየርና ሁሉም ልክ ሆኖ ሲወጣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ሥራ የለም። ለአባቴ ስለምሠራም ደስታዬ ኃጢአት አልመሰለኝም።

እናቴ ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል ብቅ ትል ነበር።

«ዛሬም አንድ ነገር ፈልጎ አላወቅኩለትም» ትለኛለች በሩ ላይ ቆማ። «እዚያች ላይ ጨምሪልኝ።»

«ምን ልጨምር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሥራ ቤቱን ጨምሪ። የሰዎቹን ፎቶ ጨምሪ፣ እህቱን፣ ጎረቤቶቹን። ዕቃዎቹን። ካየው ይነግረናል።»

«አዲሱ ላይ ሁሉም ይኖራል፣ እማዬ። ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«እስከዚያስ?»

አሮጌው ላይ መጨመር የሚጣል ሥራ መሥራት ነው ብዬ አስረዳኋት። ሥራዬን ከእኔ በላይ እንደማታውቅ አምና ወደ አባቴ ተመለሰች። ጓደኛዬ ግን ሥራውን ያውቀዋል፣ እሱን ማሳመን አልቻልኩም።

«ሃያ ፎቶ ማስገባት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» አለኝ ግንቦት ላይ በስልክ። «እናትሽ ትክክል ናቸው።»

«ኮዱን አይተኸዋል። እዚያ ላይ አንድ ነገር መጨመር አልችልም፣ ያመኛል።»

«አንቺን ነው የሚያምሽ» አለ።

በዚያው ግንቦት አባቴ ተናገረ። እናቴ ገንፎ እያጎረሰችው ነበር። አፉን የጠረገችበትን እጇን በግራ እጁ ያዘና ከንፈሩን እያጣመመ፣ እየታገለ፣ «በል... በል...» አለ። እናቴ ጮኻ ጠራችኝ። ስገባ ደገመልኝ፤ «በል... በል...»

«አልሐምዱሊላህ» አለች እናቴ፣ አለቀሰችም። እሱው መጣ፣ ራሱ ተመለሰ ነው ያልነው። ከሌላ ቃል ሁሉ ቀድሞ የገዛ ንግግሩ መመለሱ አልገረመንም። «እሺ አባዬ፣ በል በል፣ እሺ» እያልኩ እጁን ሳምኩት። እሱ ግን ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። እንደገና አለው፤ እንደገና እሺ አልነው። ግራ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ወደፊትና ወደኋላ አመላለሰ። እናቴ ብርድ ልብሱ የከበደው መስሏት ገፈፈችለት። ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ ይለው ነበር። አንድ ነገር አስተውያለሁ። ዕድሜውን ሁሉ ለእኔና ለእናቴ «በይ» ያለ ሰው አሁን «በል» ይለናል። ቁጭ ብዬ አሰብኩበትና መልስ አገኘሁለት፤ በአፋን ኦሮሞ ሴትም ሆነች ወንድ አንድን ሰው ና ሲሉት ያው «ኮቱ» ነው፣ ትእዛዝ በጾታ አይለይም። ስለዚህ አባቴ አማርኛውን በልጅነት ቋንቋው ደንብ እየተናገረው ነው አልኩ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ለጓደኛዬም ደውዬ ነገርኩት፤ በጣም ነበር የኮራሁበት። አዲሱ ፕሮግራም ጾታውን እንዴት እንደሚያስተካክልለት እያሰብኩ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

አዳዳ በእነዚያ ወራት ሁለት ጊዜ መጥተዋል። ከሰርቦ በሚኒባስ ይመጡና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በዝቅተኛ ድምፅ በአፋን ኦሮሞ ያወሩታል። እኔ ሻይ አቅርቤላቸው ወደ ሥራዬ እገባለሁ። በሁለተኛው፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ የአባቴ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ አልፎ ተሰማኝ። ስገባ እያለቀሰ ነው። «በል... በል...» ይላል፣ አዳዳ ደግሞ እጁን ይዘው ፊቱን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። ትንፋሹ አጥሮ ነበር። ፈራሁ።

ባጃጅ ድረስ ሸኘኋቸው። ሰማዩ ከብዶ ያካፋ ነበር።

«አዳዳ፣ አይቀየሙኝ» አልኳቸው። «እርስዎን ሲያይ ይረበሻል። ሐኪሟ ዕረፍት ያስፈልገዋል ብላለች። ለጥቂት ጊዜ ባይመጡ ይሻላል መሰለኝ፤ ሲሻለው እኔ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

«ቶሌ» አሉ። «እሺ ልጄ። ለእሱ የሚበጀው ይሁን።»

ባጃጁ ውስጥ ሲገቡ ቀኝ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው ነበር፤ ያ ትከሻ ድሮ ከወደቁ ወዲህ ወደ ላይ አይነሳላቸውም። ከዚያ በኋላ እንቁላልና ማር ይልካሉ እንጂ ራሳቸው አልመጡም።

አዲሱ ፕሮግራም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አለቀ። ቆንጆ ነበር። ሳጥኖቹ ክብ ጠርዝ፣ ቀለማቸው ዓይን የማይወጋ፣ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። አሮጌውን ከታብሌቱ ላይ አጥፍቼ አዲሱን ጫንኩና አባቴ ፊት አደረግኩት። እናቴም ልታይ መጣች። አባቴ ስምንቱን ግራጫ ሳጥኖች ሲፈልግ ዓይኑ ሲንከራተት አየሁት።

«እዚህ ጋ ማን የሚለውን ትነካለህ» አልኩት። «ከዚያ ምን የሚለው ይመጣል። ከዚያ መቼ።»

ማን የሚለውን ነካ። አዲስ ገጽ መጣ። ሲመጣ ጣቱ አየር ላይ ቆመ። የሚፈልገው የት እንደሄደ አላወቀም። መለስኩለትና እንደገና አስጀመርኩት፤ እንደገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ጠፋ። ሦስት ቀን እንደ ተማሪ አስጠናሁት። በሦስተኛው ቀን ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ «ቀላል ነው እኮ፣ አባዬ» ስለው ራሴን ሰማሁት። አባቴ ታብሌቱን በግራ እጁ ጀርባ ቀስ አድርጎ ከብርድ ልብሱ ላይ ገፋው። አልጋው ላይ ወደቀ።

በማግስቱ አሮጌውን መለስኩለት። ስምንቱን ሳጥኖች ሲያይ ፊቱ ላላ። አንዱን ነካ። «ተዉኝ» አለ ታብሌቱ በእኔ ድምፅ። ሳቅኩ፣ ቀልዶብኝ መስሎኝ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። ስምንት ቀን ቆየና ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ ሰው ለሰው በማይሰማማበት ሰዓት ሞተ። በማግስቱ ቀበርነው።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ በተቀመጡበት ክፍል ማስታጠቢያ ይዤ አልፍ ነበር። አዳዳ ግድግዳውን ተደግፈው ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር በአፋን ኦሮሞ ያወራሉ። ጎረቤታችን ክረምቱ ሰርቦ እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አዳዳ ሲመልሱ፣ «መኒ ኮ በልበለ ሂንቀቡ» አሉ። ቤቴ በር የለውም ማለታቸው ነው።

ቆምኩ። በልበለ። በር።

ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በቀን ስንት ጊዜ እሰማዋለሁ። ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አስቀምጬ አዳዳ ፊት ተንበረከክኩ።

«የምን በር ነው፣ አዳዳ?»

መናገር አልፈለጉም። ጎረቤታችን ገፋፋቻቸው። የቤታቸውን በር ምስጥ በልቶት ኖሯል። አባቴ ከመታመሙ በፊት ሄዶ አሮጌውን ነቅሎ ለልክ ይዞት መጥቷል፤ እስከዚያ ሸራ ሰቅሎላቸው፣ ከዝናብ በፊት አደርስልሻለሁ ብሏቸዋል። ክረምቱን ሙሉ በሸራ ነው የከረሙት።

«ለምን አልነገሩንም?»

«የታመመ ሰው ቤት መጥቶ የእኔ በርስ የት ደረሰ ይባላል?» አሉ። «ያሳፍራል።»

«በል በል ሲል እርስዎ ገብቶዎት ነበር?»

ሊያስቀይሙኝ አልፈለጉም፣ ሊዋሹኝም አልፈለጉም።

«ገብቶኝ ነበር» አሉ። «መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ነው የገባኝ። በልበለ ነው የሚለው። ስለ በሩ አታስብ፣ እኔ ደህና ነኝ እለው ነበር። እሱ ግን ያለቅሳል። የጀመረውን ሳይጨርስ አያውቅማ። ሁለተኛ ቀን ደግሞ ሌላ አናጢ ይጨርሰዋል ስለው እያለቀሰም ቢሆን አዳመጠኝ። ስመለስ ማንን እንደመረጥን ልነግረው ነበር። ከዚያ አንቺ...» አሉ። «አንቺም ለእሱ ብለሽ ነው፣ ልጄ።»

አባቴ በዚያ ቤት ውስጥ የሚናገረውን የሚሰማ አንድ ሰው ነበረው። ያንን ሰው በዝናብ ባጃጅ ላይ አሳፍሬ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ለቅሶው ሲበተን ሥራ ቤቱን ከፈትን። በሩ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ በከረጢት ተሸፍኖ ቆሟል። ዋንዛ ነው፤ ከታችኛው ጣውላ በስተቀር ሁሉም ገብቷል። የቀረው ጣውላ የሥራ ጠረጴዛው ማሰሪያ ላይ ተይዟል፣ ግማሹ ተልጓል፣ መላጊያውም እላዩ ላይ አለ። እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ሲያመላልስ መላጉ እንደነበር የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። የበሩ ጀርባ ላይ በእርሳስ የጻፋቸው ልኮች ነበሩ። ከእነሱ አጠገብ «እጀታ ዝቅ ይበል፣ ትከሻዋ» ይላል።

ጎረቤታችን ብረት ሠራተኛው ማጠፊያዎቹን ሠራ፣ ሌላ አናጢ ጣውላውን ጨረሰው። በጭነት መኪና ሰርቦ ወስደን ሰቀልነው። አዳዳ ክንዳቸውን ወደ ላይ ሳያነሱ ከፈቱት፣ ዘጉት። እናቴ መኪናው ውስጥ ቀርታ አልወረደችም ነበር።

ስለዚህ ነገር እናቴ አንድ ቀን ብቻ ነው ያነሳችብኝ። ልብሱን ስናጣጥፍ፣ «አምስት ደቂቃ ነበር ያለሽ፣ ያ ልጅ» አለችኝ፣ ጓደኛዬን ማለቷ ነው። ከስልኩ እንደሰማች እንኳ አላውቅም ነበር። አዎ አልኳት። ማጣጠፋችንን ቀጠልን።

ጥቅምት ላይ ሐኪሟ ደወለችልኝ። ስምንት ቁልፍ ያለውን ያን ነገር ለሌሎች ሕሙማን መስጠት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። የተሻለው አለ ልላት አልፈለግኩም። አስቀያሚውን ይዤላት ሄድኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። የሕመምተኛው አልጋ አጠገብ እቀመጥና፣ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የሚሉኝን እዚያው እጨምራለሁ፤ የልጅ ፎቶ፣ የላም ፎቶ፣ የጎረቤት ስም፣ በሁለቱም ቋንቋ። ቤተሰቡ ሲያወራ አዳምጣለሁ። ኮዱ እስካሁን ተገልብጦ የተለጠፈ ነው። ግሥ የሚያረባው ትልቁ ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ፤ አላጠፋሁትም፣ አልከፈትኩትምም። ስለ አዲስ ቋንቋ አንድ ነገር ሳነብ ዛሬም ልቤ ይነሳል፤ ያ እንደማይለቀኝ አውቄአለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት ሴት ነበሩ፣ ከሰርቦ ማዶ ካለ የቡና ገበሬ ቤት የመጡ። ልክ እንደ አባቴ ቀኝ ጎናቸው ነው የተያዘው። ባላቸው ከእግራቸው በኩል ተቀምጠው ውኃውን፣ ምግቡን፣ የልጆቹን ስም አንድ በአንድ አስገቡኝ። ስንጨርስ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣

«አንድ ሌላም ቢጨመር» አሉ።

«ይበሉ፣ አባቴ። ምን ልጨምር?»

ወደ ሚስታቸው አላዩም። «ይቅር ብዬሃለሁ የሚል» አሉ።

ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ድምፁን መቅዳት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሴት በክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። ኮሪደር ወጥቼ በአፋን ኦሮሞ ቀዳሁት። የመጀመሪያው ተቆራረጠብኝ፣ ሁለተኛውም። በሦስተኛው ተሳካ። ገብቼ ቁልፉን አሳየኋቸው፣ ምን እንደሚልም ነክቼ አሰማኋቸው። ሴትየዋ ታብሌቱን ለብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ባላቸውን አዩ። እጃቸው ከብርድ ልብሱ ላይ አልተነሳም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ላጠፋው እንደሆነ ባልየውን በዓይኔ ጠየቅኳቸው።

«አይ፣ ይቆይ» አሉ። «እዚያው ይቀመጥላት።»

ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። እሳቸው እዚያው ተቀምጠው ቀሩ።